የዳይሬክተሯ ልጅ

በርገን፣ ኖርዌይ፣ ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1976

...ያኔ ጠረጴዛው አንድ ብቻ ነበር፤ የእኛው የማድ ቤት ጠረጴዛ። ልጆቹ ክርናቸው እየተጋጨ ይጽፋሉ። ኖልዌን በመስኮቱ በኩል ነበረች፣ ፀጉሯ ገና አጭር። እጇን አውጥታ "እማዬ" ስትል ሌሎቹ ሳቁባት። "እዚህ እማዬ የለችም፤ መዳም ነው የምትዪኝ" አልኳት። ዓይኗን ወደ እኔ አነሳችና ከዚያ—

ስልኩ አቋረጠኝ። ከዚያ ምን እንዳለች ላስታውስ ብሞክር አልመጣልኝም።

የደወለው ሙሲዬ ካስታኒዬ ነው፤ የነዳጅ ኩባንያው የበርገን ቢሮ አለቃ። የተማሪዎቼ አባቶች ሁሉ፣ የእኔም ባል ጭምር፣ በእሱ ሥር ናቸው። ለፈረንሳይ ትምህርት ቤታችን የጸሎት ቤቱን አዳራሽ የተከራየልንም እሱ ነው። "ሲጠብቁት የነበረው ሰውዬ ሊመጣልዎ ነው" አለኝ። ከፓሪስ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው፤ በጁን መጀመሪያ። እውቅና ከሰጠን በሴፕቴምበር የሁለተኛ ደረጃውን ክፍል እንከፍታለን፤ ልጆቻችንም አገራቸው ሲመለሱ ያለ ፈተና ይገባሉ። ካልሰጠንስ?

"ካልሰጠንማ ልጆቹን አዳሪ ትምህርት ቤት እንልካቸዋለን፤ እርስዎም ጠረጴዛዎን መልሰው ማድ ቤት ያስገባሉ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ፈገግታው ፊቴ ላይ እንደቀረ ያወቅሁት ኖልዌን "ምን ያስቅሻል?" ስትለኝ ነው።

ዓርብ

በችኮላ። የፈረንሳይ ካርታ መሰቀል አለበት። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ምስማር አያስመታም። "ግድግዳው የጌታ ነው" አለኝ። ጫማ ማውለቅም ለሁሉም ግዴታ መሆኑን ደግሞ አስታወሰኝ። ለኢንስፔክተሩም ጭምር ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ፈርቼ ተውኩት።

ሁለት አዲስ ቤተሰቦች ይመጣሉ፤ አንዱ ከፈረንሳይ፣ ከፖ ከተማ፣ አንዱ ከጋቦን። ወንበር የለም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 28

ረቡዕ ትምህርት የለም። ዝናብ። የማስበው የትናንቱን ነው።

የቃል ጽሕፈቱን መለስኩላቸው። እንደ ልማዳችን ከአንደኛው ጀምሬ እስከ መጨረሻው፣ ስም እየጠራሁ፣ ነጥቡን ጮክ ብዬ። በእጄ ያለው የወረቀት ቁልል ሲሳሳ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያን ጸጥታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰው የሚያደርገው እሱ ነው ይሉን ነበር። ሁለት ወረቀት ቀረ። ኖልዌን። ከዚያ ጋስፓር፣ የካስታኒዬ ልጅ።

ጋስፓር ተነስቶ እንደ ተዋናይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። "መጨረሻም ቦታ ነው፣ መዳም፤ ማንም አይጋፋኝም።" ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኖልዌን አልሳቀችም። ወረቀቷን አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ የማይታጠፍ እስኪሆን ድረስ።

ትናንሾቹን የሚያስተምርልን ዴልሞት በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። ወጣት ነው፤ በውትድርና ፈንታ ለሁለት ዓመት የተላከልን። ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣

"ኖርዌዮች እኮ በዚህ ዕድሜ ነጥብ አይሰጡም። ሕግ ነው አሉ" አለኝ።

"እኛ ኖርዌያዊ አይደለንም።"

"እሷስ?"

"ማን እሷ?"

"ማንም" አለና ጠመኔውን ከእጁ አራገፈ።

እሑድ፣ ሜይ 2

ኖልዌን ቀኑን ሙሉ ቶርቢዮርግ ቤት ዋለች። ቶርቢዮርግ ጎረቤታችን ናት፣ ነርስ። ልጇ ሲሪ የኖልዌን እኩያ ናት፤ የምትማረው ከመንገዱ ማዶ ባለው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። ቶርቢዮርግ ማንንም አንተና አንቺ ነው የምትለው፤ ንጉሡንም ብታገኘው የምትለው ያንኑ ነው። የእኔ ኖርዌይኛ ስለማይበቃ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያለች ታናግረኛለች። እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ትምህርት ቤቱ ጊዜ አልሰጠኝም።

በአጥሩ ላይ ሆና፣ "ልጅሽ እኛ ጋ በላች። ስታስቅ ደግሞ! ሲሪ ወተቱን በአፍንጫዋ አወጣችው።"

"ኖልዌን?"

"ታዲያ ሌላ ልጅ አለሽ?"

እራት ላይ ጠየቅኋት፤ ምን ብለሽ ነው ያሳቅሻቸው?

"በፈረንሳይኛ አያስቅም" አለች።

ሐሙስ

መዳም ካስታኒዬ ልጇን ልትወስድ መጥታ ክንዴን ያዘች። "የእኔ ውድ፣ ጋስፓርን ክፍል መድገም በሚባል ነገር እንዳያስፈራሩት። ሌሊት ይባንናል። አባቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ... ያውቁት የለ?"

አውቀዋለሁ። "ስለ መድገም ማንም አልተናገረም" አልኳት።

"ጥሩ፣ ጥሩ።" ጓንቷን አጠለቀች። "ለነገሩ እኔ ብቻ አይደለሁም ይላል።"

ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 18

ትናንት የኖርዌዮች በዓል ነበር። የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ በየዓርማቸው ሥር ይሰለፋሉ፤ ዘንድሮ እኛንም ጋበዙን። ፎቶግራፉን ኢንስፔክተሩ ያየዋል ብዬ ልጆቹን ስንት ጊዜ አለማመድኋቸው። ሁለት ሁለት ሆነው፣ በቁመት ቅደም ተከተል፣ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ፣ አፍ ዝም።

ከፊታችን የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነበር። ፊሽካ ይነፋሉ፣ ይጮኻሉ፣ አይስክሬሙ በእጃቸው ይቀልጣል። አስተማሪያቸው ራሷ የወረቀት ባንዲራ ፀጉሯ ላይ ሰክታ ወደ ኋላ እየተራመደች ታስጨፍራቸዋለች። ከእነሱ በኋላ እኛ። የቀብር ሸኚ መሰልን ያለው ዴልሞት ነው። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ከዳር የቆሙት ሰዎች እኛ ስንደርስ ጭብጨባቸውን ቀነሱ፤ አክብሮት ነው የመሰለኝ።

ዓሣ ገበያው ጋ ዞር ስል ጋስፓር ብቻውን ይራመዳል። "ኖልዌን የት ሄደች?"

"እዚያ" አለ በአገጩ። "ነገርኳት እኮ፣ መዳም። ሰልፍ ሰልፍ ነው አልኳት።"

ከሲሪ ጎን ናት። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ትጮኻለች። ድምፅዋ ያን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሙሲዬ ካስታኒዬ ከእግረኛው መንገድ ላይ ባርኔጣውን አነሳልኝ። "የዳይሬክተሯ ልጅ ሰልፍ ለወጠች እንዴ?"

"ባንዲራ ልታመጣ ነው" አልኩ።

ማታ ምንም አልተናገርኳትም። ድምፅዋ ግን ሻክሯል፤ ጨው አቀብዪኝ ስትል ተሰማኝ።

ሐሙስ

ፎቶግራፉ ታጠበ። ጥሩ ነው። የተሰበረው ሰልፍ አይታይም፤ ፎቶ አንሺው ዳሩን ቆርጦታል።

ረቡዕ፣ ሜይ 26

ባሌ ኤርቬ ከባሕሩ የነዳጅ ማውጫ መድረክ በሬዲዮ ስልክ ደወለ። የወሩን ግማሽ እዚያ ነው። ነፋሱ ቃሉን እየበላበት፣ "ልጄ እንዴት ናት?" አለ።

"እየሠራች ነው።"

"አንቺስ?"

"ኢንስፔክተሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ—"

"ስለ እሱ አልጠየቅኩሽም።"

ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ ወይም ዘጋው።

የመጨረሻውን የቃል ጽሕፈት ሳርም ዋልኩ። የኖልዌንን ሁለት ጊዜ አረምኩት። በሁለተኛው ዙር የሚቀነስ ነገር አገኘሁ። የራስን ልጅ ማረም እንዲህ ነው፤ ዓይን ይራራል፣ ስለዚህ ዓይንን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ዴልሞት መጽሐፍ ሊወስድ መጥቶ በትከሻዬ በኩል አየ።

"ይቺን ስህተት ለጋስፓር አልፈውለታል።"

"ጋስፓር እየተሻሻለ ነው። መበረታታት አለበት።"

"እሷስ?"

"እሷ የእኔ ልጅ ናት።"

"እኔስ እሱን አይደል የምልዎት" አለ፤ መጽሐፉን ሳይወስድ ወጣ።

ይህ ልጅ የትምህርት ቤት አስተዳደር ምን እንደሆነ አያውቅም። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የሚያጣው ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ጁን 3

መጥቶ ሄደ።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ ኢንስፔክተሩ ጫማ ቀሰረ። ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ ዞረ። "ልማዳቸው ነው" አልኩ። ልጆቹ በሚቀመጡባት ትንሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ማሰሪያውን ፈታ። የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ልጆቹ ሁሉ አዩት፤ አንድም አልሳቀም። በዚያች ቅጽበት ኮራሁባቸው። ሰውየው ግን ቀኑን ሙሉ ጣቱን አጥፎ ሲራመድ ዋለ፤ ይህን ይቅር የሚለን አይመስለኝም።

ኖልዌንን ሎዋር ወንዝ ከየት እንደሚነሳ ጠየቃት። በትክክል መለሰች። "ጎበዝ" አላት። ይህን እዚህ ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንቀመጥ፣ "ከተከፈታችሁ ጀምሮ ስንት ልጅ ክፍል ደገመ?" አለ።

"አንድም።"

"አንድም?"

"ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱን እየተከታተልን—"

"መዳም፣ ማንም የማይወድቅበት ቤት የልጆች መዋያ ነው። ፓሪስ ስመለስ ምን ልበል? የኩባንያ ልጆች ማቆያ አየሁ ልበል?" መነጽሩን ጠረገ። "ሥራዎ መጥፎ አይደለም። የመምህራን ጉባኤዎን ውሳኔ ይላኩልኝና አይቼ እፈርማለሁ።"

ሲወጣ ሽማግሌው ጫማውን በክብር አቀረበለት።

ዓርብ

ከማለፊያው በታች ያሉት ሁለት ልጆች ናቸው። ሁለት ብቻ። ደጋግሜ አየሁት፤ ሦስተኛ የለም።

ማክሰኞ፣ ጁን 8

ከሱቅ ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። ሙሲዬ ካስታኒዬ በመኪናው ደርሶ ሸኘኝ።

"አንድ ሰው መድገም አለበት አሉ።"

"ማን ነገረዎ?"

"ኢንስፔክተሩ እራቱን የት የበላ መሰለዎ? እኔ ቤት።" እየሳቀ ነው የሚነዳው። "ጋስፓርን አውቀዋለሁ። ሰነፍ ነው። እኔም ሰነፍ ነበርኩ፤ ይኸው እርስዎን በመርሴዲስ እሸኛለሁ።"

የመስታወት መጥረጊያው ሲመላለስ አየሁ።

"እርስዎ ፍትሐዊ ሴት ነዎት። ለራሱ ወገን የማያደላ ሰው አከብራለሁ። እንደዚህ ያለ ሰው ለሚመራው ትምህርት ቤት ኩባንያው ሕንፃ ቢሠራለት ማን ይከራከራል?"

ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። ጃንጥላ ያዘልኝ። ስለ ኖልዌን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይህ መታወቅ አለበት። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ዓርብ፣ ጁን 11

ጉባኤው ተካሄደ። እኔ፣ ዴልሞት፣ በወላጆች ስም መዳም ካስታኒዬ።

የሌሎቹ ቶሎ አለቀ። ጋስፓር፤ "በቤት ድጋፍ ይሻሻላል፣ ይለፍ" አልኩ። ዴልሞት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ቀጥሎ ኖልዌን። እኔን ነበር የሚጠብቁት።

"ይህችን ልጅ እንደ ማንኛውም ተማሪ እንያት" አልኩ።

"ይሁን" አለ ዴልሞት። "እንደ ማንኛውም ተማሪ ነጥቧ ከጋስፓር ይበልጣል።"

"በጥቂት።"

"ይበልጣል ማለት ይበልጣል ነው። ለልጆቹ ይህን የሚያስተምሯቸው እርስዎ ነዎት።"

መዳም ካስታኒዬ አንገቷ ቀላ። "እኔ እንጃ... ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ማን ይክዳል። ግን ልቧ እዚህ አይደለም፣ አይደል? በበዓሉ ዕለት እንኳ..."

ትድገም በሚለው እጃችንን አወጣን። መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢቀድመኝ ከባድ ይሆን ነበር። ዴልሞት አላወጣም። በሩ ጋ ሄዶ ጫማውን አጠለቀ፤ ማሰሪያው እየተጎተተ በዝናቡ ሄደ።

አሁን ማታ ነው፤ ግን አይጨልምም፤ በዚህ ወር እዚህ አገር አይጨልምም፤ ያለ መብራት እጽፋለሁ። ሌላ መንገድ እንደነበረ እየፈለግሁ ነው። ሁለቱንም ብናሳልፍ እውቅናው ይቀራል፤ ሃያ ስድስት ልጆች ይበተናሉ፤ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ሳይደርስ አዳሪ ቤት ይገባሉ። ሁለቱም ቢደግሙ? ይህን ለምን ጉባኤው ላይ አላነሳሁትም? አንስቼው ቢሆን ኖሮ... ጋስፓር ግን ተስፋ አለው፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ኖልዌን ጠንካራ ናት። ከታናናሾቿ ጋር አንድ ዓመት ብትቀመጥ መሠረቷ ይጠብቃል። ደግሞም እኔው ነኝ የማስተምራት፤ እንደማንም ቤት አይደለም። ይህን ትምህርት ቤት ማንም ሳይኖር ለእሷ ብዬ ነው የጀመርኩት። ለእሷ ብዬ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ብያለሁ፤ ለማን እንደምለው እንጃ።

ቅዳሜ

እራት ላይ ነገርኳት። ከጀልባ የገዛሁትን ሽሪምፕ እየላጥን ነበር።

"ክፍል ትደግሚያለሽ።"

"ጋስፓርስ?"

"ያልፋል።"

መላጧን ቀጠለች። "እኔን ማን ነው የሚያስተምረኝ?"

"እኔ ነኛ።"

"እንደገና?"

"እንደገና።"

"እሺ፣ መዳም" አለች።

በገዛ ማድ ቤታችን። አላረምኳትም። የላጠችውን ሁሉ በእኔ ሳህን ላይ አድርጋ ተነሳች።

ረቡዕ፣ ጁን 16

ኤርቬ ገባ። ዴልሞት ሄሊኮፕተሩ የሚያርፍበት ድረስ ሄዶ ጠብቆ ነግሮታል። ኤርቬ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የካስታኒዬ ልጅ ባይኖርስ?"

"ጉዳዩ የጋስፓር አይደለም።"

"የጠየቅኩሽን መልሺልኛ።"

"አንተ የወሩን ግማሽ የለህም፣ ኤርቬ።"

"የለሁም። አንቺ ወሩን ሙሉ አለሽ።"

ከዚያ ኖልዌን ክፍል ገብቶ አብሯት ተቀመጠ። በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ይሰማል፤ የሚሉት አይሰማም። አንድ ጊዜ ሳቀች።

ዓርብ፣ ጁን 18

ቶርቢዮርግ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። ፊቷ እንደ ወትሮው አልነበረም።

"ኖልዌን ትናንት የሲሪ ትምህርት ቤት ሄዳ ቦታ ጠየቀች። ብቻዋን። አላወቅሽም?"

አላወቅሁም።

"ዳይሬክተሩ 'እናትሽ ታውቃለች ወይ' ሲላት ምን አለችው መሰለሽ? 'እናቴም ዳይሬክተር ናት፤ ሥራ ይበዛባታል'። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ግን ለምን እንደመጣች ስትነግረው መሳቁን ተወ። በእኛ አገር ልጅ አይደግምም።"

"ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።"

"እንዴታ! ለዚህ አይደል ለአንቺ የምነግርሽ? ባልሽ እሺ ብሏል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። ከእኔ በቀር ሁሉም።

ሰኞ፣ ጁን 21

"አገኘን!" አለ ሙሲዬ ካስታኒዬ በስልኩ። ኢንስፔክተሩ ፈርሟል። "ሰውየውን የነካው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የእርስዎ ቆራጥነት። የገዛ ልጃቸውን እኮ ነው አለኝ።" ከጀርባው ሰዎች ይስቃሉ፣ ብርጭቆ ይጋጫል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ወሬ ሰማሁ ደግሞ። የዳይሬክተሯ ልጅ ወደ ኖርዌዮቹ ልትሄድ ነው የሚሉት። በዚህ ሳምንት? አይሆንም፣ ውዴ። ራሷ ልጇን የማታስገባበት ቤት የእኛን ላኩ ትላለች ይላል ሰው።"

"አይሆንም" አልኩ አብሬው።

ሴፕቴምበር ላይ ሠላሳ አምስት እንሆናለን። ሁለት ክፍል፣ አዲስ መምህር፣ ምስማር የሚመታበት ግድግዳ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል።

ክፍሏን አንኳኳሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"እንኳን ደስ አለሽ። አባባ ነገረኝ።"

"የሁላችንም ነው እኮ።"

"አዎ።" ከዚያ፣ "ነገ አዲስ ተማሪዎች ትምህርት ቤቱን የሚያዩበት ቀን ነው፣ የነሲሪን። እሺ ካላልሽ ግን ምንም አይደለም።"

ምንም አይደለም። በባቡር ውስጥ ለማታውቀው ሰው ቦታ የምትለቅ መንገደኛ ነው የመሰለችኝ። ብትቆጣ፣ በሩን በኃይል ብትዘጋብኝ፣ መልስ ነበረኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ።

"በስንት ሰዓት ነው?" አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጁን 22

የነሲሪ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ለጊዜው ነው። ለአንድ ዓመት። ቋንቋውን ታጥብቅ ብለን ነው እላለሁ። ካስታኒዬ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ወይም አይቆጣም፤ አዲስ ሕንፃ ያለ ዳይሬክተር አይከፈትም። ኤርቬ አብሮን ሊመጣ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ልውሰዳት አልኩ።

መንገዱን ስንሻገር እጇን ልይዝ ብዬ ትልቅ መሆኗን አስታወስኩ።

አስተማሪዋ ወጥታ መጀመሪያ የኖልዌንን እጅ ጨበጠች፣ ከዚያ የእኔን። የነጥቧን ወረቀት አቀረብኩላት። "አያስፈልግም" አለች፤ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ። "እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ትወዳለች? ምን ላይ ጎበዝ ናት?"

አፌን ከፈትኩ። ጂኦግራፊ አልኩ። ሌላ ጨመርኩ፣ ምን እንደሆነ አላስታውስም። ሴትየዋ ትጠብቃለች፤ ገና የምቀጥል መስሏታል።

ኖልዌን በእኔ ፈንታ መለሰች። በኖርዌይኛ፣ ረጅም፣ አንድ ጊዜም ሳትደናቀፍ። ከመሐል "እናቴ" የሚለውን ብቻ ያዝኩ። ከዚያ ሌላ ነገር አለች፤ ደግሞ "እናቴ"። አስተማሪዋ ወደ እኔ አየች፤ አተኩራ አየችኝ።

"ምን አልሻት?" አልኩ።

ኖልዌን ጃኬቷን እያወለቀች ነበር። ከውስጥ ልጆች ስሟን እየጠሩ ነው፤ በራሳቸው አጠራር፣ እኔ ባላወጣሁላት ድምፅ።

"ኖልዌን፣ ምን አልሻት?"

አስተማሪዋ መንገድ ለቀቀችላት። ገባች። በሩ ተዘጋ።